ውዳሴ መስታወት

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ያሉት አበው፣ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ በቡራዩ በኩል ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች በአንዱ ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ፣ ገጹ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ሳለ የሚጠራ ስልክ አይተው እጅግ በተደነቁ ነበር። ጠጋኙ ሙጫውን በሙቀት አላልቶ፣ በቀጭን ሽቦ ከሥሩ እየለየ የሚያነሣው ንጣፍ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ አሠራሩ ግን ረቂቅ ነው። የቀለጠው መስታወት ከገንዳው በሁለት ወገን ሞልቶ እየፈሰሰ ከታች ሲጋጠም፣ የውጭ ገጹ አንዳች ነገር ሳይነካው በአየር መካከል ስለሚረጋ፣ ማለስለሻ ሳይሻ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከዚያም በ400 ዲግሪ ገደማ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ሲጠመቅ፣ ደቂቃን የሶዲየም ቅንጣቶች ወጥተው ግዙፋን የፖታሲየም ቅንጣቶች ይተኳቸዋል፤ ስፍራው ስለሚጠብባቸውም ተገፋፍተው ገጹን ያጨናንቁታል፤ ጭረት ወደ ስንጥቅ ሊሰፋ ሲል ይኸው ግፊት ይገታዋል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ጥምቀት ነው። የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን መሰል ጽኑ መስታወት ሠርቶ፣ በቂ ገበያ አጥቶ ትቶት ኖሮ፣ በ2007 አይፎን ሲወጣ ጥበቡን ዳግመኛ አነሣው። ለጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ግን ሶዲየም ጠላት ነው፤ ሥዕሉን የሚያዙትን ጥቃቅን ትራንዚስተሮች ስለሚያበላሽ፣ በላያቸው የሚሠሩበት መስታወት ከእርሱ የጸዳ መሆን አለበት፤ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር የነበረው ሆደ ሰፊ መስታወት ይህ ጭንቀት አልነበረበትም።