ኮርኒስ፣ ጣሪያና ጓዳ፤ ስለ ቤት ውስጥ ማስጌጥ የሚሰጠው ምክር በቃላት ሚዛን ሲመዘን

ስለ ቤት ውስጥ አደረጃጀትና ጌጥ ምክር የሚሰጡ የአማርኛ ጽሑፎች እየበዙ መጥተዋል። ቀድሞ በጋዜጣና በመጽሔት የቤተሰብ ዓምዶች ጥቂት መስመሮች ብቻ ይሰጣቸው የነበሩት እነዚህ ምክሮች ዛሬ በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በንግድ ማስታወቂያና በልዩ ልዩ ኅትመቶች ይቀርባሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ ከተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወዲህ፣ ቤቱን ባላለቀ ሁኔታ ተረክቦ ወለሉን፣ ቀለሙንና መደርደሪያውን በራሱ ወጪ የሚያስጨርስ የከተማ ነዋሪ በርክቷል። ይህ ሰው ምክር ይሻል፤ ምክሩንም በሚገባው ቋንቋ ይሻል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የመካሪዎቹን የውበት ምርጫ ማረም አይደለም። የተነሣንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ በምክሩ ውስጥ የሚገኘው ቃል መካሪው፣ የቤቱ ባለቤትና ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ ሦስቱም አንድን ነገር እንዲያመለክቱ ያደርጋቸዋልን? ቃሉ ይህን ካላደረገ ጉዳቱ በሰዋስው ላይ ብቻ የሚቀር አይሆንም። ጣውላው በማይሆን ልክ ይቆረጣል፤ ቀለሙ በማይሆን ቦታ ይቀባል፤ ገንዘቡም ይባክናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓረፍተ ነገሮች ከአንድ ደራሲ የተወሰዱ ሳይሆኑ የተለመደውን አጻጻፍ ለማሳየት የቀረቡ ናቸው።

1. የቃላቱ ንብርብር

የቤት ዕቃና የቤት ክፍል መጠሪያዎች በአማርኛ ውስጥ በየዘመኑ የተነባበሩ ናቸው። «ወንበር» ከግዕዙ «መንበር» የመጣ ነው። «ጠረጴዛ» ምንጩ ግሪክኛ ነው። «ፍራሽ»ና «ፎጣ» ከዐረብኛ የተገኙ ናቸው። «አንሶላ»፣ «ጣውላ»፣ «ኮመዲኖ»፣ «ባኞ» ከጣሊያንኛ፣ «ቡፌ»ና «ዳንቴል» ከፈረንሳይኛ ገብተዋል። ከእነዚህ ጎን ለጎን ቋንቋው ከራሱ ግሶች ያረባቸው ብዙ ስሞች አሉ፤ ከጋረደ መጋረጃ፣ ከአነጠፈ ምንጣፍ፣ ከደረደረ መደርደሪያ፣ ከሰቀለ መስቀያ፣ ከጎዘጎዘ ጉዝጓዝ።

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ነገር እንገነዘባለን። አንደኛ፣ ዕቃው ከውጭ ሲመጣ ስሙን ይዞ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ «ጠረጴዛ ባዕድ ቃል ነውና ይለወጥ» የሚል ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ቃሉ ከገባ በኋላ በአማርኛ ተናጋሪው አፍ የራሱን ትርጉም ያበጃል። «ሊሾ» በጣሊያንኛ «ለስላሳ» የሚል ቅጽል ነበር፤ በአማርኛ ግን ስም ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ወለልን ያመለክታል። «ቡፌ»ም በአንድ በኩል እንግዳ ራሱ እያነሣ የሚመገብበትን ማዕድ፣ በሌላ በኩል ብርጭቆና ሲኒ የሚደረደርበትን ባለ መስተዋት ቁምሳጥን ይጠራል። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም ከተገኘበት ቋንቋ መዝገበ ቃላት መፈለግ ሁልጊዜ አያዋጣም።

2. ኮርኒስና ጣሪያ

ይህን የዘነጋ ምክር ምን እንደሚያስከትል በአንድ ቃል እንመልከት። በጣሊያንኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ለ«ኮርኒስ» ምንጭ ወይም አቻ የሆነው ቃል በግድግዳው ራስ ላይ የሚዞረውን ወጣ ያለ ጌጠኛ ጠርዝ ያመለክታል። በአማርኛ ግን «ኮርኒስ» ማለት ከጣሪያው በታች ክፍሉን ከላይ የሚዘጋው ሰፊ ገጽ በሙሉ ነው። ቀድሞ በአቡጀዲ ይወጠር ነበር፤ ኋላ በቺፑድ፣ አሁን ደግሞ በጂፕሰም ይሠራል። ዕቃው ቢለወጥም ስሙ ጸንቷል።

ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉም መካሪ «ኮርኒሱን ከግድግዳው በጠቆረ ቀለም ይለዩት» ብሎ ይጽፋል እንበል። እርሱ የሚያስበው ስለ ጠርዙ ነው። ቀለም ቀቢው ግን ቃሉን እንደሚያውቀው ተረድቶ ላዩን ሁሉ ያጠቁረዋል። ክፍሉም ከፍ ብሎ መታየቱ ቀርቶ ዝቅ ያለና የተጫነ ይመስላል። ቀቢው አላጠፋም፤ ባለቤቱም አላጠፋም። ያጠፋው ቃሉን ካልኖረበት ቦታ ያስገባው ጸሐፊ ነው።

ተቃራኒውም ስሕተት ይታያል። «ጣሪያውን ነጭ ቢቀቡት ክፍሉ ከፍ ያለ መስሎ ይታያል» ሲባል ሐሳቡ እውነት ነው፤ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ገጽ ክፍሉን ያሰፋዋል። ነገር ግን «ጣሪያ» በአማርኛ በመጀመሪያ ደረጃ ዝናብ የሚከለክለው የቤቱ ክዳን ነው፤ ሣር ወይም ቆርቆሮ ይሆናል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ የሚኖር አንባቢ ይህን ምክር ሲያነብ የሚያየው የቆርቆሮውን ሆድና ወራጁን ነው። እንግዲህ ቃላቱን መለየት ቀላል ነው። ክዳኑ ጣሪያ፣ የውስጡ ገጽ ኮርኒስ፣ በዙሪያው የሚመታው ጌጠኛ ጣውላ ወይም ጂፕሰም ደግሞ «የኮርኒስ ጠርዝ» ቢባል ማንም አይሳሳትም። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም።

3. ሳሎን፣ እልፍኝና ጓዳ

አንዳንድ ጸሐፊዎች «ሳሎን»ን ለመተው ሲሉ «መኖሪያ ክፍል» ይላሉ። ይህ ቃል በቃል የተተረጎመ ስያሜ ነው። በአማርኛ «መኖሪያ» የሚባለው ቤቱ በሙሉ ስለሆነ፣ «መኖሪያ ክፍልዎ ሁለት መስኮት ካለው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ስለ የትኛው ክፍል እንደሚነገረው ያጠራጥረዋል። ሌሎች ደግሞ ጥንታዊውን «እልፍኝ» እንተካ ይላሉ። ሐሳቡ በጎ ቢሆንም ትርጉሙን አይመጥንም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ ግብር የሚበላበት ሰፊው ቤት «አዳራሽ» ሲባል፣ «እልፍኝ» ግን ጌታው የሚያርፍበትና የተፈቀደለት ብቻ የሚገባበት ነበር። «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለው የሹመት ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። ሳሎን ግን እንግዳ ከደጅ በቀጥታ ገብቶ የሚቀመጥበት ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው ማለት ይቻላል። «ሳሎን» ከአዛውንት እስከ ሕፃን የሚታወቅ ቃል በመሆኑ ሊነካ አይገባውም።

«ጓዳ» ግን ሌላ ታሪክ አለው። ጓዳ የሙያ ቦታ ነው፤ እህሉ፣ ቅመሙ፣ እንስራው፣ መሶቡ የሚቀመጥበት፣ የቤተሰቡም ማጣትና ማግኘት ከእንግዳ ዓይን የሚሰወርበት ነው። ይህ ጽንሰ ሐሳብ በዘመናዊው ምክር ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ «ስቶር» ከተባለው ጠባብ ክፍል ጋር ብቻ ተምታቷል። ከዚህም የሚብሰው «ክፍት ኩሽና» የሚለው ምክር ነው። ማዕድ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ቢፈርስ ቤቱ እንደሚሰፋ ይነገራል፤ እውነትም ይሰፋል። ነገር ግን ቁሌት በየዕለቱ በሚበስልበት፣ የበርበሬው ሽታ ከመጋረጃና ከሶፋ ጨርቅ ቶሎ በማይለቅበት ቤት፣ ይህ ምክር ከጭስ መውጫው ጉዳይ ተነጥሎ ሊነገር አይገባም ነበር። መካሪው «ጓዳዎንና ሳሎንዎን ያቀላቅሉ» ብሎ በራሱ ቋንቋ ቢጽፈው ኖሮ አንባቢው ከመወሰኑ በፊት ሁለት ጊዜ ባሰበ ነበር። «ክፍት ኩሽና» የሚለው ሐረግ ጓዳን ሳይጠራ ስለሚያልፈው አንባቢው የሚያጣውን ነገር አያሳየውም።

4. ቃል በቃል ትርጉም

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ «ሙቅ ቀለም» እና «ቀዝቃዛ ቀለም» የሚሉ ሐረጎች ይደጋገማሉ። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ «ቀለም» በአማርኛ ዓይን የሚያየውን መልክም፣ በቆርቆሮ ተሞልቶ የሚሸጠውን ቅብም፣ የሚጻፍበትንም ፈሳሽ መጥራቱ ነው። ስለዚህ «ሙቅ ቀለም ይጠቀሙ» የሚለው ትእዛዝ ቀቢውን ቅቡን እንዲያሞቅ የሚያዝዘው ይመስላል። ቋንቋው ግን ለዚህ የራሱ አነጋገር አለው። «ሞቅ ያለ» ስንል የደስታና የሕይወት ስሜትን፣ «ረጋ ያለ» ስንል ጸጥታን እንገልጻለን። «ሞቅ ያለ ቀለም»፣ «ረጋ ያለ ቀለም» ቢባል ሐሳቡ ሳይጎድል አማርኛ ይሆናል። ደማቅ፣ ፈዛዛ፣ ደብዛዛ የሚሉት ቅጽሎችም፣ ቡናማና ብርቱካንማ እንደሚሉት በ«-ማ» የሚረቡት የመልክ ስሞችም ሊሠራባቸው ይገባል።

ሁለተኛው ጉድለት ባለቤትነትን የሚመለከት ነው። «የእርስዎን ሳሎን በእርስዎ ምርጫ ለማስጌጥ የእርስዎን ግድግዳ ይለኩ» የሚል አጻጻፍ ተለምዷል። በአማርኛ ባለቤትነት በቅጥያ ስለሚገለጽ «ሳሎንዎን እንደ ምርጫዎ ለማስጌጥ አስቀድመው ግድግዳውን ይለኩ» ማለት ይበቃል። ራሱን የቻለው ተውላጠ ስም በየሐረጉ ሲደጋገም «የሌላውን ሳይሆን የእርስዎን» የሚል የማነጻጸር ትርጉም ያመጣል፤ ጸሐፊው ግን ማንንም ማነጻጸር አልፈለገም።

እንዲሁም «ክፍሉ እንዲተነፍስ ቦታ ይተዉለት» ይባላል። በአማርኛ የሚተነፍስ ክፍል አየር የሚገባው ክፍል ነው፤ አንባቢው መስኮት ይከፍታል። መካሪው ያሰበው ግን ዕቃ እንዳይበዛበት ነው። «ዕቃ አያጨናንቁበት» ቢለው ሁሉም ይረዳው ነበር።

5. ስለ ግድግዳ

ምክሩ ቃሉን ቢያውቅም ነገሩን የማያውቅበት ጊዜ አለ። «ግድግዳ» ከ«ገደገደ» የወጣ ሲሆን እንጨት እያቆሙ መሥራትን ያስታውሳል። በጭቃ ቤት ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይማገራል፤ ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ይመረጋል፤ ቀጥሎም ይለሰናል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ሰው ዛሬም በዚህ ዓይነት ቤት ይኖራል። ሥዕልና መደርደሪያ ስለ መስቀል የሚሰጠው ምክር ግን ግድግዳ ሁሉ ብሎኬት እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ምርጉን ብቻ የወጋ ምስማር መደርደሪያን አይሸከምም፤ ከቋሚው ወይም ከማገሩ ላይ መመታት አለበት። «ማገሩን ፈልገው ይምቱ» የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ሲኒ ከመሰበር ያድናል። ቋሚ፣ ማገር፣ ምርግ፣ ልስን የሚሉት ቃላት ከምክሩ ሲወጡ እነዚህ ቤቶችና ነዋሪዎቻቸውም አብረው ይወጣሉ።

ዳንቴልም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። የቡፌና የሶፋ ዳንቴል «ጊዜ ያለፈበት» ተብሎ እንዲነሣ ይመከራል። ስሙ ፈረንሳይኛ ቢሆንም ብዙው ዳንቴል እናቶች በእጃቸው የሠሩት ነው። ይነሣ ማለት የመካሪው መብት ነው፤ ነገር ግን የእጅ ሥራን በአንድ ቅጽል ከመሻር ለምንና የት እንደማይስማማ ማስረዳት ይገባዋል።

6. የሙያው ስያሜ

ሙያው ራሱ «ኢንቴሪየር ዲዛይን»፣ «ዲኮር»፣ «የቤት ውስጥ ማስዋብ» እየተባለ ይጠራል። «ዲኮር» በአብዛኛው ከሠርግና ከግብዣ አዳራሽ ጋር ስለተያያዘ ለቤት አይመችም። «ማስዋብ» ደግሞ ሙያውን ያጠብበዋል፤ ብርሃንን፣ መተላለፊያንና የዕቃ አቀማመጥን አስቀድሞ ማሰብ ከማስዋብ የሰፋ ሥራ ነውና። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለቱን መለየት ነው። አስቀድሞ የሚታሰበውና የሚነደፈው «የቤት ውስጥ ንድፍ»፣ በጨርቅ፣ በቀለምና በሥዕል የሚፈጸመው «ቤት ማስጌጥ» ይባል። «ንድፍ» በምህንድስናም በሥዕልም የለመድነው ቃል ነው። «ፊኒሺንግ» ለሚባለውም «የማጠናቀቂያ ሥራ» የሚለው በቂ ነው። በአንጻሩ «ፈርኒቸር» በችኮላ ሊወገድ አይገባም፤ «የቤት ዕቃ» ድስትንና ምጣድንም ስለሚጨምር፣ አልጋና ቁምሳጥንን ለይቶ ለመጥራት ሕዝቡ የወሰደው ቃል ነው።

7. ማጠቃለያ

በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»ም ሆነ በ1993 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የወጣው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ከኮንዶሚኒየሙ ቤት በፊት የተዘጋጁ ናቸው። ወደፊት የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት የዛሬውን ቤት ሊመዘግብ ይገባዋል። ለዚህም የቃላት ሰብሳቢው ከጽሕፈት ጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ አናጺው፣ ወደ ቀቢውና ወደ ለሳኙ፣ መርካቶ ውስጥም ወደ ምን አለሽ ተራ መውረድ አለበት። በዚያ የሚያገኘውን ቃል በሚከተለው ሥርዓት ቢመዝን መልካም ነው። ባለሙያውና ባለቤቱ የሚግባቡበት ቃል ምንጩ የትም ይሁን የት ይጽና። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሁለቱም ትርጉሞች ተለይተው ይፈቱ። በሥራ ላይ ያለ የአማርኛ ቃል ካለ እርሱ ይቅደም። ፈጽሞ ስም ለሌለው ነገር ብቻ፣ እንደ መጋረጃና መደርደሪያ ካሉት የመሣሪያ ስሞች ቅርጽ ተነሥቶ አዲስ ቃል ይሰየም።

እነዚህ ሐሳቦች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። አናጺዎችና ቀቢዎች፣ የቤት እመቤቶችና መካሪዎቹ ራሳቸው በየአካባቢያቸው የሚሠራባቸውን ቃላት እየጻፉ ቢልኩልን ዝርዝሩ ይሟላል፤ የተሳሳተውም ይታረማል።