«ማን ሞተ?»

ባለፈው ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ግድም፣ አማን ውስጥ ጀበና ቡና ከሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ቤት ተቀምጬ ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው፤ የቡና ለቀማውም ገና አልተጠናቀቀም። ደጅ ላይ ጀንፈል የጫኑ ሁለት አይሱዙዎች መሸኛቸው እስኪጻፍላቸው ቆመዋል። ሹፌሮቹና ረዳቶቻቸው፣ ሁለት የአማን ካምፓስ ተማሪዎች፣ ከቴፒ የመጣ አንድ ጎልማሳና እኔ ነን ውስጥ ያለነው። አስተናጋጁ ልጅ ኳስ ፍለጋ የዲሹን ጣቢያዎች ሲያገላብጥ ድንገት በወርቅ ቅብ ያሸበረቀ አዳራሽ፣ በአበባ የተሞላ መድረክና ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር ያስደገፉ በርካታ ሙዚቀኞች ብቅ አሉ። ልጁ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ከማለፉ በፊት የቤቱ እመቤት ሲኒ ማጠባቸውን አቁመው ቀና አሉና ጠየቁ።

«ማን ሞተ?»

የሞተ ሰው አልነበረም። የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት የሚያቀርበው ኮንሰርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተጀመረ፣ ከ1959 ወዲህ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ፣ ዛሬ ከ90 በላይ አገሮች የሚደርስ ዝግጅት ነው። ከክላሲካል ኮንሰርቶች ሁሉ እንደ እሱ ፈገግታ የሚበዛበት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ የሚጫወቱት በአብዛኛው ቫልስና ፖልካ፣ ማለትም የጭፈራ ሙዚቃ ነው። እንግዲህ የጭፈራ ሙዚቃ ከቪየና ተነሥቶ አማን ሲደርስ ለቅሶ ሆነ ማለት ነው። በመንገድ ላይ ምን አገኘው?

በእኛ አገር ስለ ክላሲካል ሙዚቃ የሚጻፈው ጥቂት ነገር ስለ አቀናባሪዎቹ ታላቅነት ነው። ስለ አድማጩ የተነሣ እንደሆነ «ሕዝባችን ገና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ግን የእመቤቲቱ ጥያቄ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሒስ ሁሉ የበለጠ መስሎ ታየኝ። ሒሱ የሚያርፈው ደግሞ በሙዚቃው ላይ ሳይሆን በሚያስተላልፈው ክፍል ላይ ነው።

ሴትዮዋ ይህን ከየት ተማሩት? ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ነዋ! ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞት ከተነገረ በኋላ፣ እስከ ቀብሩ ዕለት ድረስ፣ ዘፈኑና ቧልቱ ቆሞ ቃል የሌለው የሐዘን ሙዚቃ በየቤቱ ሲንቆረቆር መሰንበቱን የማያስታውስ አለ? በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ደግሞ ከራዲዮ ያለ ሰዓቱ ማርሽ ሲሰማ ጆሮው መቆሙ አልቀረም። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ብሬዥኔቭ ሲሞት የሶቪየት ጣቢያዎች ሕዝቡን በክላሲካል ሙዚቃ ነበር ያስጠበቁት፤ በነሐሴ 1991 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲሞከርም ቴሌቪዥኑ የቻይኮቭስኪን «ስዋን ሌክ» እየደጋገመ ያሳይ ነበር። ምስኪኑ ቻይኮቭስኪ ስለ ዳክዬና ስለ ፍቅር የደረሰው ባሌ የመንግሥት ለውጥ ደወል ሆኖ ቀረ። (ዳክዬ ማለቴ ለአማርኛው ምቾት ነው፤ ወፏስ ሌላ ናት።)

ከሐዘን ቀጥሎ ለዚህ ሙዚቃ የተሰጠው ሥራ ቀዳዳ መድፈን ነው። ዜና ሊጀምር አራት ደቂቃ ሲቀር፣ እንግዳው ሲዘገይ፣ ቴፑ ሲበላሽ፣ አንድ የፒያኖ ወይም የቫዮሊን ጨዋታ ይለቀቃል። የማን ነው? ማን ተጫወተው? አይነገርም። ሙዚቃው ወደ ልቡ ሊደርስ ሲል ሰዓቱ ይደርስና ድምፁ ወደ ታች ይሰምጣል። ዘፋኝን በዘፈኑ መካከል የሚያቋርጥ ጣቢያ በስልክ ብዛት ይጨናነቃል፤ ቤትሆቨንን መሐል ላይ ለቆረጠ ግን እስካሁን የደወለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቃሉ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። በእኛ አገር «ክላሲካል» ማለት ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ማለት ነው። በካሴት ዘመን «ክላሲካል አለህ?» ብሎ ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው ሞዛርትን አይደለም የሚፈልገው፤ በኪቦርድ ወይም በሳክስፎን የተመታ ትዝታና አምባሰል ነው። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። ትዝታ በሳክስፎን ሲመታ የእኛ ሰው የሚሰማው ሳክስፎኑን ብቻ አይደለም፤ ግጥሙን በሆዱ እያለ ነው። ድምፃዊው ወጥቶ በሄደበት ወንበር ላይ አድማጩ ራሱ ይቀመጣል። ስለዚህ ቃል የሌለው ሙዚቃ ለእኛ ቃሉ የታወቀ ሙዚቃ ነው። ስትራውስ ሲመጣ ግን በሆድ የሚባል ነገር የለም። ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ከሹፌሮቹ አንዱ ለሦስተኛ ጊዜ ያስቀዳውን ቡና እየጠጣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ያለው ለዚህ ነው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ቆይተው ግን የሳቁት ያላግባብ መሆኑን ብነግራቸው ደስ ባለኝ ነበር፤ ምክንያቱም የዚያ ኮንሰርት ትልቁ ጨዋታ፣ የዮሐን ስትራውስ «ሰማያዊው ዳኑብ»፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1867 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የወንዶች መዘምራን በግጥም ያዜሙት ነበር። ኦስትሪያ በዋዜማው ዓመት በፕሩሲያ ተሸንፋ አንገቷን በደፋችበት ወራት ሕዝቡን ዘና ለማድረግ የተጻፈ ቀልድ አዘል ግጥም ነው። ግጥሙ ብዙም አልተወደደለትም። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ያለ ግጥም በኦርኬስትራ ሲቀርብ ግን ዓለምን አዳረሰ። ሹፌሩ እንግዲህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው እንጂ ዘፋኙን መጠየቁስ ትክክል ነው።

ሌላው የተለመደ ክስ «ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ መስማት ለጆሯችን እንግዳ ነው» የሚል ነው። የማን ጆሮ? የደጋው ዘፈን በአብዛኛው አንድ ዜማ ነው፤ ማሲንቆውም ክራሩም ያንኑ ዜማ እያጀበ አብሮ ይሄዳል። ይህ ለደጋው እውነት ነው። ዶርዜዎች ግን እስከ አምስት የሚደርሱ ልዩ ልዩ ድምፆችን አስተባብረው ያዜማሉ። የበርታዎች ዋዛ ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን አንዲት ድምፅ በተራው እየጣለ ነው ሙሉው ዜማ የሚገኘው። ከአማን ብዙም ሳይርቅ፣ ቴፒ ዙሪያና ጎደሬ ጫካ ውስጥ፣ መዠንገሮች በአራት ድምፅ ያዜማሉ። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ «የኢትዮጵያዊ ጆሮ» እያለ የሚፈርድ ሰው ከጎጃም በረንዳ ማዶ ያለውን ጆሮ አልቆጠረም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቴፒ የመጣው ጎልማሳ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ሁላችንም ወሬ ስንጀምር እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ቆይቶ ወደ እኔ ዘንበል አለና «ከታች ያሉት ወፋፍራሞቹ አንድ ነገር ይላሉ፤ ከላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ እምቢ ይላሉ፤ ኋላ ይስማማሉ» አለኝ። ቤዞቹንና ቫዮሊኖቹን ማለቱ ነው። ስለ ኦርኬስትራ አሠራር ከዚህ ያጠረና የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም ጣቢያችን ሲሰጥ አልሰማሁም።

ዝም ብሎ መስማት አንችልም የሚባለውም እንዲሁ ውሸት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓለሙ አጋ በገና ከራዲዮ ሲሰማ ቤቱ ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። ልጅ ይቆጣል፣ ወሬ ይቆማል፣ ሽማግሌው ዓይኑን ይጨፍናል። ማንም አላስተማረንም፤ ሙዚቃው ለምን እንደመጣ ስለምናውቅ ነው። በአንጻሩ ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ ከአንድ የፒያኖ ኮንሰርት ገብቶ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ያለቀ መስሎት አጨብጭቦ፣ ከጎኑ የተቀመጡ ከረባታም ሰውዬ በዓይናቸው ሊበሉት ደርሰው ነበር። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር! ኋላ ላይ ግን ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ አድማጮቹ ገና ሙዚቃው እየሄደ በማጨብጨባቸው መደሰቱን እንደገለጸ አነበብኩ። ሞዛርት ያልተቆጣውን ሰውዬው ለምን እንደተቆጡ ባገኛቸው ብጠይቃቸው እወድ ነበር።

ወደ አማን ልመለስ። ኮንሰርቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ አንደኛው ተማሪ ስለ ዳኑብ አንድ ነገር ያውቅ ኖሮ «እትዬ፣ ይሄ ስለ ወንዝ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ኋላ ይሞላል» አላቸው። ሹፌሩ «እንደ ጋጨብ?» አለ። «እንደ ጋጨብ» አለ ተማሪው። ከዚያ በኋላ ያ ሹፌር ሲኒውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ዘፋኝም አልጠየቀም። ተማሪው የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ጣቢያዎቻችን በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተናገሩት ሁለት ዓረፍተ ነገር።

በመዝጊያው፣ በራዴትስኪ ማርሽ፣ መሪው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ጭብጨባውን ራሱን መምራት ሲጀምር አስተናጋጁ ልጅ ከቪየናዎቹ ጋር አብሮ አጨበጨበ። ሹፌሩ «ሰርግ ነው እንዴ?» ሲል እመቤቲቱ «ለቅሶስ አይደለም» አሉ።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሙዚቃ ነው፤ ለምን ትጨነቃለህ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። የሚያስጨንቀኝ የስትራውስ ዕድል አይደለም። ስትራውስ ስሙን የሚጠራለት ከ90 በላይ አገር አለው። እኔን የሚቆረቁረኝ የራሳችን ሰዎች ነገር ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የዋሽንትን ነገር ለፍሉትና ለኦርኬስትራ «እረኛው ባለዋሽንት» ብለው ደርሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በሰው አገር አረፉ። ግርማ ይፍራሸዋ ሶፊያ ተምሮ መጥቶ አምባሰልን በፒያኖ ይጫወታል። እነዚህን በስም ለይቶ የሚያውቅ ሰው እዚያች ቤት ውስጥ ስንት ነበር?

ከሁሉ የሚገርመው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው፣ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ሆነው፣ በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በካይሮ ከኮንቶሮቪች እግር ሥር ተቀምጠው፣ ኋላ መንነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀርጸው፣ የቀረ ዕድሜያቸውን በኢየሩሳሌም ገዳም አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራቸው በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ሲወጣ የውጭው አድማጭ አንዱ ብሉዝ፣ ሌላው ሾፐን እያለ ተከራከረባቸው። ስማቸውን ግን አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር። ይህ ጸሐፊ የእማሆይን ፒያኖ ከዜና በፊት ባለችው ቀዳዳ ለብዙ ዓመታት ሰምቶታል፤ የፈረንጅ ሙዚቃ ይመስለው ነበር፤ የእኛ ቅኝት ውስጡ እየተመላለሰ «የት ነው የማውቅህ?» ሲያሰኘው እንኳ የሚነግረው አላገኘም። እማሆይ በ99 ዓመታቸው፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ።

በዚያች ታኅሣሥ ቀን ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ ልጁ ኳስ ስላጣ ቴሌቪዥኑን ዘጋና ራዲዮ ከፈተ። ለዜና ጥቂት ደቂቃ ይቀራል። እንደ ልማዱ ስም አልባ ፒያኖ ይሰማል። እመቤቲቱ እጃቸውን ከረከቦቱ ላይ አነሡና እንደገና «ደግሞ ማን ሞተ?» አሉ።

ተማሪው ጆሮውን ጣል አድርጎ «እማሆይ ናቸው» አላቸው። የተጫወቱት ማለቱ ነበር።

«ነፍስ ይማር!» አሉ አማትበው። «መቼ?»

«በ2015፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ወደ ራዲዮው አፈጠጡ። «ታዲያ አሁን ነው የሚነግሩን?»