ሯጭ የሌለበት ስታዲየም

አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራችው «ስታዲያ 2» የተሰኘው ረቂቅ ሥዕል በፒትስበርግ ካርኔጊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። 3.5 ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሸራ ላይ የመቀመጫ ረድፎች ይጠመዘዛሉ፤ ባንዲራን የሚያስታውሱ የቀለም ቁርጥራጮች ይንሳፈፋሉ፤ ጥቋቁር ጭረቶች እንደ ጭስ ይትጎለጎላሉ። ሕዝቡ አለ፤ ሆታው አለ፤ ሯጩ ግን የለም። የለም ከማለት ይልቅ፣ ሠዓሊዋ ተመልካቹን በሯጩ ቦታ አቁማዋለች ማለት ይቀላል። የሥዕሉ ድፍረትም እዚህ ላይ ነው፤ ጀግናን መሣል ለማንም አይከብድም።

ባንዲራዎቹ ግን ለበዓል የተሰቀሉ ያህል ቀለው ይታያሉ። ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቁን ከፍቶ ለሚውል አንባቢ ባንዲራ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጣች፤ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሲደርስ ግን ገና የኦሊምፒክ ኮሚቴ አልነበራትም። ማራቶን ሯጩ ጉኦር ማሪያል ለሱዳን መሮጥን እምቢ ብሎ በኦሊምፒክ ሰንደቅ ሥር ሮጠ፤ 47ኛ ወጣ። የአገሩን ባንዲራ ይዞ ወደ ስታዲየም የገባው በ2016፣ ሪዮ ላይ ነው።

ይህን ለሚያውቅ ዓይን፣ በምሕረቱ ሸራ ላይ ከቀለማቱ ይልቅ በመካከላቸው ባዶ የቀረው ነጭ ስፍራ ይከብዳል።