ሰም ያጣ ወርቅ
ስለ ዊንስተን ቸርችል የመልክ ሥዕሎችና የፌዝ ሥዕሎች

የታላቅ ሰው መልክ በሁለት ዓይነት ሠዓሊ እጅ ይወድቃል፤ አንደኛው በክብር ተጠርቶ የሚሥል፥ ሁለተኛው ሳይጠራ መጥቶ የሚያፌዝ ነው። ከሁለቱ ጠላት የሚመስለው ሁለተኛው ነው፤ ዳሩ ግን የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የዊንስተን ቸርችል ሥዕሎች ሲመረመሩ ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቸርችል ለፌዝ ሥዕል እንግዳ አልነበረም። በ1910 በምርጫ ጊዜ፥ በሳውዝፖርት የባሕር ዳርቻ ሲመላለስ፥ ለራሱ የማትበቃ ትንሽ ባርኔጣ ሳያስብ ደፍቶ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ የፌዝ ሠዓሊዎች ባርኔጣውን አልለቀቁትም። እርሱ ግን አልተቀየመም። በ1932 በታተመ መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ጥበብ ሲጽፍ፥ የፖለቲካ ሰው የሚያዝነው ሲፌዝበት ሳይሆን ፌዙ ሲቀርበት እንደ ሆነ ገለጠ፤ ፖለቲካውን አጥብቆ ይነቅፍ የነበረውን የኒው ዚላንድ ተወላጅ ዴቪድ ሎውንም ከዘመኑ የፌዝ ሠዓሊዎች ሁሉ አስበልጦ አመሰገነው። ሎውም በሜይ 14 ቀን 1940 ቸርችልን እጅጌውን ጠቅልሎ በፊት ሲራመድ፥ ሚኒስትሮቹንም ከኋላው ተሰልፈው ሲከተሉት ሣለ፤ የትናንቱ ነቃፊ ለዚያ የመከራ ወራት የሚሆን መልክ ሰጠው።

በዲሴምበር 30 ቀን 1941 በኦታዋ ዩሱፍ ካርሽ ፎቶግራፍ ሊያነሣው በቀረበ ጊዜ ሲጋሩን ከአፉ ነጠቀው፤ ቸርችልም ፊቱን አኰሳተረ። ዓለም ያን ፊት አይቶ የእንግሊዝን እልኸኝነት አነበበበት፤ የተቈጣው ግን ሲጋሩን የተቀማ ሰው ነበረ።

በእነዚህ ሁሉ የቅኔ ሥርዐት ይታያል። ባርኔጣው፥ ሲጋሩና እጅጌው ሰም ናቸው፤ ወርቁ የሰውየው ጽናት ነው። ተመልካቹ በሰሙ እየሣቀ ወርቁን ይቀበላል፤ የተሣለውም ሰው በሣቁ ውስጥ መጠጊያ ያገኛል።

በጁን 1953 ግን ቸርችልን በ78 ዓመቱ የአንጎል ደም ሥር በሽታ መታው፤ ነገሩም ከሕዝብ ተሰወረ። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1954 ፓንች የተባለው የቀልድ መጽሔት የሌስሊ ኢሊንግዎርዝን ሥዕል አወጣ፤ በእርሱም ሽማግሌው በጠረጴዛው ዘንድ ፊቱ ዝሎ ተቀምጧል። ከሥሩ የተጻፈው ቃል የመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በእንግሊዞች ቍጥር ከ104ኛው፥ በግእዙ ከ103ኛው መዝሙር፥ እስከ ማታ የሚደክመውን ሠራተኛ ከሚያነሣው ስፍራ የተወሰደ። መዝሙሩ ስለ ፍጥረት ሥርዐት የቀረበ ምስጋና ሲሆን፥ በመጽሔቱ ግን «መሽቶብሃልና ሥራህን ልቀቅ» የሚል ትርጓሜ ተሰጠው። አርባ ዓመት የተፌዘበት ሰው በዚህ አንድ ሥዕል አዘነ። ምክንያቱም ሥዕሉ ያጋነነው ነገር አልነበረም፤ የፌዝ ሥዕል ማጋነኑን ሲተው መራራ ይሆናል።

በዚያው ዓመት ሁለቱ የፓርላማ ምክር ቤቶች ለ80ኛ ልደቱ መታሰቢያ እንዲሆን፥ ግራሃም ሰዘርላንድ በ1,000 ጊኒ ዋጋ መልኩን እንዲሥል አደረጉ። ቸርችል የጋርተር ኒሻን ካባውን ለብሶ ሊሣል ወድዶ ነበረ፤ ሠዓሊው ግን በምክር ቤት የሚለብሰውን ልብስ እንደ ለበሰ፥ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ፥ ዕድሜ የከበደው አድርጎ ሣለው። በኖቬምበር 30 ቀን በዌስትሚንስተር አዳራሽ ሥዕሉ ሲገለጥ፥ ቸርችል የዘመናዊ ጥበብ ጕልህ ምሳሌ ነው ብሎ ተናገረ፤ ጉባኤውም ምጸቱን አውቆ ሣቀ። ሰሙን ሠዓሊው ስላልሰጠው ባለቤቱ ራሱ በንግግሩ ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ለሕዝብ አልታየም፤ ሚስቱ ክሌመንታይን በዲሴምበር 1977 ከሞተች በኋላ፥ በእርሷ ትእዛዝ እንደ ጠፋ በ1978 ታወቀ።

ለሁለቱም ወገን ፍርድ ይገባል። ሰዘርላንድ ድካሙን በትክክል አየ፤ ነገር ግን ያ ፊት ስንቱን ቀልድ እንደ ተናገረ ከሥዕሉ አይታወቅም፤ ስለዚህ እውነቱ እውነት ሳለ ጐደሎ ነው። ሚስቲቱም የባሏን ኀዘን ማየት አለመቻሏ ያስመሰግናታል እንጂ አያስነቅፋትም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የጐደለውን ሌላ ሠዓሊ ሊሞላው ይችል ነበር፥ የተቃጠለውን ግን ማንም አይመልሰውም። ቸርችል ራሱ ከ1915 ጀምሮ ቀለም የቀባ ሰው ነበርና፥ አንድ ሸራ ምን ያህል ድካም እንደሚያስከፍል ከብዙዎች ይልቅ ያውቅ ነበር።

ጥፋቱም የታሰበለትን አላገኘም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ሰዘርላንድ ለሥዕሉ ያዘጋጃቸው ንድፎች በሎንዶን በብሔራዊው የመልክ ሥዕል ቤት ተጠብቀዋል፤ የሥዕሉም ፎቶግራፍ በመጻሕፍት ይገኛል። ዛሬ ሰው የቸርችልን ሽምግልና ሊያይ ሲወድ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንኑ እንዳይታይ የተቃጠለውን ፊት ነው።