የመጀመሪያው 30 ሜትር

ቦብስሌይ፣ ማለትም ተንሸራታችን በበረዶ ቁልቁለት ላይ ገፍቶ መንዳት፣ በሴቶች ዘርፍ የክረምት ኦሊምፒክ ውድድር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ነው። በዚያ ውድድር ወርቅ ካጠለቁት ሁለት አሜሪካውያን አንዷ ቮኔታ ፍላወርስ፣ ሙቀት ከበዛበት ከአላባማ የመጣች የአጭር ርቀት ሯጭና የርዝመት ዝላይ ስፖርተኛ ነበረች፤ በክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስፖርተኛም እሷ ናት። ከእሷ በኋላ የመጡትን ስናይ ታሪኩ ይደጋገማል። ላውሪን ዊልያምስ በአቴንስ 2004 በ100 ሜትር ብር፣ በለንደን 2012 በዱላ ቅብብል ወርቅ ወስዳ፣ ቦብስሌይን በተዋወቀች በዓመት ውስጥ ሶቺ ላይ ብር አገኘች። ጀርመናዊቷ ማሪያማ ጃማንካ መዶሻ ወርዋሪ ነበረች፤ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የወርቅ ባለቤት ሆነች። እንግሊዛዊቷ ሞንቴል ዳግላስ ቤጂንግ 2008 ላይ 100 ሜትር ሮጣ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ለቦብስሌይ እዚያው ከተማ ተመለሰች። አሌክሳንድራ ቡርግሃርት ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሮጠች በመንፈቋ ቤጂንግ ላይ ከጃማንካ ጋር ብር ወሰደች፤ ወደ መሮጫው ተመልሳም ፓሪስ 2024 ላይ በዱላ ቅብብል ነሐስ ጨመረች። የእነዚህ ሁሉ ሙያ የተጀመረው ተንሸራታቹን ከማየታቸው ከዓመታት በፊት፣ አሠልጣኝ የመጀመሪያ እርምጃቸውን ልብ ብሎ ባየበት ደረቅ ሜዳ ላይ ነው።

ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ቦብስሌይ መጻፍ ለቀልድ የቀረበ ነገር ነው። አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ይሠራ የሚል ሐሳብ የለኝም። ነገሬ ከእኛ ከአሠልጣኞች ዓይን ጋር ነው። ልጃገረዶችን የምንመለምልበት መለኪያ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ፈጣንና ጉልበተኛ የሆኑትን ገና በለጋነታቸው እየጣልናቸው እንገኛለን። የጣልነው ምን እንደሆነ ደግሞ የቦብስሌይ ሴቶች ሙያ ከማንኛውም ስፖርት አጥርቶ ያሳያል።

ለምን ቢባል፣ ግፊያውን ራሱን ማየት ነው። ሁለት ሴቶች ከ160 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተንሸራታች ከቆመበት ያስነሣሉ፤ እየገፉ ይሮጣሉ፤ ነጂዋ ቀድማ ትዘላለች፣ ገፊዋ ትከተላለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሥራው የቁልቁለቱና የነጂዋ ነው፤ ገፊዋ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ መጨረሻ ላይ ፍሬን ትይዛለች። ድካሟ ሁሉ ከአምስት ስድስት ሰከንድ አያልፍም። ነገር ግን ከላይ የባከነች አንዲት አሥረኛ ሰከንድ ከታች ሦስት አሥረኛ ሆና ትደርሳለች ይላሉ የሙያው ሰዎች፤ አሸናፊና ተሸናፊ በመቶኛ ሰከንድ በሚለዩበት ውድድር ይህ ትልቅ ዕዳ ነው። ግፊያው ለአጭር ርቀት ሯጭም ቢሆን አዲስ ትምህርት ነው። በሩጫ ክንድ እንደ ልቡ ይወነጨፋል፤ እዚህ እጅ ብረቱን ጨብጦ ስለሚቀር፣ ከእግር የተነሣው ኃይል በወገብና በትከሻ አልፎ ካልደረሰ መንገድ ላይ ይባክናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እርምጃዎች ተቀናቃኙ የብረቱ ክብደት ነው። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተንሸራታቹ ቁልቁለቱን አግኝቶ መሸሽ ይጀምራል፣ እግሯ ያልፈጠነ ገፊም በመግፋት ፈንታ ትጎተታለች። ስለዚህ ጉልበት ብቻ ያላት አሎሎ ወርዋሪ አትበቃም፤ ፍጥነት ብቻ ያላት ቀጭን ሯጭም አትበቃም። የሚፈለገው የሁለቱ ድምር ነው፣ ያውም በመጀመሪያው 30 ሜትር ውስጥ። ይህንን ድምር በሜትር፣ በሰዓትና በሚዛን ማንም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በአንድ ከሰዓት ሊለካው ይችላል። (የእኛ አሯሯጭ ተከፍሏት ከመሮጫው ትወጣለች፤ ገፊዋ ግን ከነጂዋ እኩል ሜዳሊያ ታጠልቃለች። ሆኖም በቀላሉ የምትተካው ገፊዋ ስለሆነች፣ ዕድሜ ያለው ሙያ የነጂዋ ነው። ኢላና ሜየርስ ቴይለር በ2010 በገፊነት ነሐስ ካገኘች በኋላ መሪውን የያዘችው በከንቱ አልነበረም።)

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ስማቸው የሚነሣው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛዎች በቆጂ፣ አሰላ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሀገረ ሰላምና ማይጨው ሁሉም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ጅማ ከ1,800 ሜትር በታች ናት። ለረጅም ርቀት ሳንባ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ለ30 ሜትር ግን ትርጉም የለውም። እኛ ግን የበቆጂን መለኪያ ተውሰን በጅማ፣ በሰቃ፣ በሰርቦና በአጋሮ ሜዳዎች ላይ እናውላለን። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ዓይናችን ያለው 1,500 እና 3,000 ሜትር ላይ ነው፤ 100 ሜትር እና ውርወራ ለፕሮግራም ማሟያ ይካሄዳሉ። በ3,000 ሜትር አሥራ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። መነሻው ላይ ሁሉንም በአራት እርምጃ ጥላቸው እንደነበር የመዘገበላት የለም።

የውጤት ታሪካችንም ይህንኑ ይናገራል። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ በሙሉ ከአትሌቲክስ ነው፤ ከመካከሉ እጅግ አጭሩ ርቀት 800 ሜትር ነው፤ እሱም የተገኘው ገና ፓሪስ 2024 ላይ በጽጌ ዱጉማ ብር ነው። ጽጌ ወደ 800 ከመምጣቷ በፊት የ400 ሜትር ሯጭ ነበረች። ትዕግሥት አሰፋም ሪዮ 2016 ላይ በ800 ሜትር ተወዳድራ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። እነዚህ ሁለት ሴቶች ስፖርተኛ ከበር ወደ በር እንደምትሸጋገር ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያሉ። ችግሩ የእኛ መንገድ ባለአንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው፤ ሁሌም ከአጭሩ ወደ ረጅሙ። ልጅቷ በ5,000 ሜትር ካልሆነላት ወደ ማራቶን እንልካታለን፤ ወደ ርዝመት ዝላይ፣ ወደ መሰናክል ወይም ወደ ጦር ውርወራ መመለስ ግን እንደ ሽንፈት ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ የኢትዮጵያውያን አካል ለዚህ አልተፈጠረም የሚል ነው። እውነት የተቀላቀለበት ክርክር ነው፤ የጡንቻ ዓይነት በከፊል ይወረሳል፣ ሥልጠናም ሁሉንም አይለውጥም። ግን አገሪቱ አንድ ዓይነት አካል ብቻ እንዳላት ማን ለክቶ አረጋገጠ? ለ60 ዓመት የረጅም ርቀት ወንፊት ይዘን ስንነፋ ቆይተን፣ የተገኘው የረጅም ርቀት ሯጭ ብቻ ነው ብለን መደነቅ አያስኬድም። የዚህ አካባቢ ሰው የመልኮን የቡና ምርምር ማዕከል ነገር ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ በእሸትነቱ የሚያጠቁረው በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ፣ ተመራማሪዎቹ ምርጥ ምርት የሚሰጠው ዛፍ የትኛው ነው የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ትተው፣ በሽታውን ችሎ የቆመው የትኛው ነው እያሉ ጫካ ገቡ። ዛሬ በየማሳው ያለው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ የተመረጠው በዚያ ፍለጋ፣ ከመቱ አካባቢ ነው። ዛፉ ቀድሞም እዚያው ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ያለና ይበልጥ የሚያሳስት ነው። የቡና አገር ልጅ ቅርጫትና ማዳበሪያ ስትሸከም ስለምታድግ ጉልበቷ ኑሮ ያበጀው፣ ሥልጠና የማያሻው ነው ይባላል። ይህን ሙገሳ አልቀበለውም። ሸክም በዝግታ የመቻል ልምድ ነው፤ ግፊያ የሚፈልገው ኃይልን በቅጽበት ማውጣትን ነው፣ ሁለቱ በአንድ መንገድ አይገኙም። በማደግ ላይ ያለ ወገብ ላይ የሚጫን ከባድ ሸክም ደግሞ የምንፈልገውን ያንኑ ወገብ ይጎዳል።

በረዶ የለንም የሚለው ትክክል ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሷል፤ የበረዶ ላይ ሩጫውን የተማረው ግን አሜሪካ ውስጥ አድጎ ነው። የናይጄሪያ ሴቶች ቡድንም በ2018 በኦሊምፒክ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቦብስሌይ ቡድን ሆኖ ሲሰለፍ አባላቱ አሜሪካ የሚኖሩ ሯጮች ነበሩ። ይሁንና የእነሱ ጅማሮ ትምህርት አለው። ለንደን 2012 ላይ በመሰናክል ናይጄሪያን የወከለችው ሴዩን አዲገን፣ በረዶ እምብዛም በማያውቀው ሂውስተን ከእንጨት በሠራችው ተንሸራታች ጓደኞቿን ግፊያ አስለመደች። ፒዮንግቻንግ ላይ የመጨረሻውን ደረጃ ይዘው ጨረሱ። ይህን የምጠቅሰው ውጤቱን ለማሳመር አይደለም፤ የሙያው ግማሽ ደረቅ መሬት ላይ እንደሚሠራ ስለሚያሳይ ነው።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። የጎዳና ሩጫ ሽልማት ቤተሰብ ያሳድራል፤ ቦብስሌይ በባለጸጋ አገሮች እንኳ ስፖርተኛዋን ዕርዳታ ያስለምናታል። የአጋሮ እናት «ልጄ ምን ታገኛለች?» ብትል መልሱ ተንሸራታች ሊሆን አይችልም። የሚቀርበው መልስ ንግድ ባንክ፣ መቻልና ኦሜድላን የመሰሉ ክለቦች ናቸው፤ በአገር አቀፍ ሻምፒዮና ዝላይ፣ ውርወራና አጭር ርቀት እንደ ረጅሙ ሩጫ ሜዳሊያ ስላላቸው፣ ለእነዚህም ደመወዝ ይከፍላሉ። ከማራቶን ያነሰ ገንዘብ ነው፤ ከ3,000 ሜትር አሥራ ሁለተኝነት ግን ይበልጣል። ምግቡ ላይ መልስ የለኝም። ኃይል የሚሠራ አካል ከረጅም ርቀት ሯጭ ይልቅ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ክብደት የማንሣት ሥልጠና መስጠት ልጅቷን መጉዳት ነው። ስለዚህ መለኪያውን ነገ መጀመር ሲቻል፣ ሥልጠናውን ግን ማዕድ የሚችል ክለብ ወይም ዩኒቨርሲቲ እስኪገኝ መቆጠብ ይሻላል።

መለኪያው ራሱ ጊዜ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት የሚለቀምበት ወቅት በመሆኑ ብዙ ልጆች ከክፍልም ከሜዳም ይቀራሉ፤ የመጡትም ድካም አለባቸው። በየካቲትና በመጋቢት ለቀማው አብቅቶ፣ ዝናቡም ሳይጠና፣ ሜዳው ደረቅ ነው። ያኔ ለእያንዳንዷ ልጅ አራት ቁጥር ይበቃል፦ የመጀመሪያው 30 ሜትር ሰዓት፣ ቆሞ የሚዘለል ርዝመት፣ አሎሎን በሁለት እጅ ወደፊት የመወርወር ርቀት፣ የሰውነት ክብደት። ወረቀቱ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ቅጂው ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለክለብ አሠልጣኞች ይላክ፤ በዓመቱም በዚያው ወር ያችው ልጅ እንደገና ትለካ፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ይለውጣልና።