ከሣሩ በፊት ውኃው

የሕዝብ መጫወቻ ሜዳ ይሻሻል ተብሎ ጥናት ሲጀመር ወደ ሜዳ ዕቅድ ሙያ አዲስ የገቡ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የተፈጥሮ ሣር ይሁን ወይስ ሰው ሠራሽ?» ብለው ነው። ጥያቄው መጠየቁ አይቀርም፤ ተራው ግን ገና ነው። በአዲስ አበባ ሜዳዎች ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሐምሌና ነሐሴ የሚወርደው ውኃ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው። ይህ ያልተመለሰለት ሜዳ ምርጥ ሣር ቢለብስም፣ ዙሪያው ቢታጠርም፣ መቀመጫ ቢሠራለትም ጥቂት ክረምቶች ሳያልፉ ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። ብዙ የሥራ ባልደረቦች ይህን አቋም የተጋነነ ይሉታል። ገንዘብ ውስን በሆነበት ከተማ የመጀመሪያውን ብር የት እናውለው የሚለው ክርክር ግን በእኔ እምነት በዚህ ነጥብ ላይ ይወሰናል፤ ምክንያቱም ብዙ ነው።

አንዱ ምክንያት የቀን መቁጠሪያው ነው። በእጃችን ያሉት የሜዳ አያያዝ መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ውድድሩ ሲያበቃ ሜዳው የሚያርፍበት ወቅት አለው፤ በሞቃቱ ወራት የተጎዳው ይዘራል፣ ሣሩ ያገግማል። የእኛ ሜዳ እንዲህ ያለ ዕረፍት አያውቅም። በበጋ ትምህርት ቤቶችና የሠፈር ቡድኖች ይጠቀሙበታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ልጆቹ ሙሉ ቀን ነፃ ይሆናሉ፣ የሠፈር የክረምት ውድድርም ይጀመራል። ሰው በብዛት ሜዳ የሚወጣበት ጊዜ ዝናቡ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር የሚገጥመው በዚህ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው ከ1,100 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሣሩ ሊያድግበት የሚገባው እርጥብ ወቅት፣ በጫማ ጥርስ የሚቆፈርበት ወቅትም ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሜዳ የሚያቅድ ሰው የዓመቱን አማካይ ትቶ ለእነዚህ ሁለት ወራት ማቀድ አለበት። በነሐሴ የሚያጫውት ሜዳ በጥር እንደሚያጫውት ጥርጥር የለውም፤ በጥር ማጫወቱ ግን ስለ ነሐሴ ምንም አያረጋግጥም።

የውኃውን መጠን እናስላ። 105 ሜትር በ68 ሜትር የሆነ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከ214 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ያርፍበታል፤ አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢለካ ከሃያ አንድ ቦቴ ይበልጣል። ይህ ከሰማይ በቀጥታ የወረደው ብቻ ነው። ከተማው ሲያድግ ከሜዳው በላይ ያለው መሬት በቆርቆሮ፣ በኮብልስቶንና በአስፋልት ይሸፈናል፤ ቀድሞ አፈር ይመጠው የነበረው ውኃ ሁሉ ቁልቁል ይመጣል። ሜዳዎቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቀሩት ቤት ለመሥራት ባልተመቸ ዝቅተኛ ቦታ ወይም በወንዝ ዳር ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ደህና ያጫውት የነበረ ሜዳ ዛሬ የሚያጥለቀልቀው ሜዳው ስለተለወጠ አይደለም፤ በላዩ ያለው ሠፈር ስለተለወጠ ነው። የሜዳ ዕቅድ በሜዳው አጥር ውስጥ ብቻ ሊነደፍ የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በራስጌ በኩል ተቀብሎ ዙሪያውን የሚያሻግር ቦይ ከሌለ ሜዳው ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያንን ቦይ ለመሥራት ደግሞ ከመንገድ ሥራው ሰዎች ጋር ገና በጥናቱ ጊዜ መነጋገር ግድ ይላል።

ከውኃው ጋር አፈሩ አለ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የሰሜኑ ክፍል በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ ወደ ቦሌ፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ ሲወረድ ግን ጥቁሩ ዋልካ፣ መረሬው ይበዛል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከጠገበ በኋላ ውኃ የሚያሰርገው በሰዓት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ስለሚያውቅ መሠረቱን አስቆፍሮ ጥቁሩን አፈር ያስወጣል፣ ገረጋንቲ ያስሞላል። ሜዳ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ይዘነጋል፤ ግሬደር ይገባል፣ ይደለደላል፣ ሣር ይተከላል። እርጥብ ዋልካ በእግር ሲረገጥ ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ይወጣና እንደታሸ ሊጥ ይጠጥራል፤ የሣር ሥር አየር ያጣል፣ ቀጣዩ ዝናብ ከላይ ይተኛል፣ የተኛበት ቦታ ሲረገጥ ይብስ ይጠጥራል። መጠጠር ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ጃንሜዳን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ የ2012ን ክረምት በሜዳው ላይ አሳለፈ፣ ከ2013ቱ ጥምቀት በፊትም ተነሣ። የጭነት መኪና ጎማ በእርጥብ አፈር ላይ ለወራት ሲመላለስ የሚያደርሰው ጉዳት ቆሻሻው ተጠርጎ ስለተነሣ አይጠፋም። የታየው ቆሻሻ ነበር፣ የተጠረገውም እርሱ ነው፤ ጥገና የሚሻው ግን ከእርሱ በታች ያለው ጥጥር አፈር ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው መፍትሔው ውድና የውጭ ይመስለዋል። አይደለም። የዋልካን ውኃ ማጠንፈፍ የደጋው ገበሬ ሲሠራው የኖረ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች መደብና ፈሰስ በእጃቸው እያወጡ ስንዴያቸውን ከውኃ በላይ ያሳድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከልና አጋሮቹ ሁለት ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብ የሚያወጣውን መሣሪያ ሲሠሩም መነሻቸው ይኸው ልማድ ነበር። ከዚህ የምወስደው የቅደም ተከተል ትምህርት ነው፤ ዋልካ ላይ ውኃው ከመስረጉ በፊት በላይ በኩል እንዲሄድ መንገድ ይሰጠዋል። ሜዳ ላይ ይህ ማለት ከመሐሉ ወደ ሁለቱ ጎን በመቶ አንድ ያህል ተዳፋት ማውጣት ነው። ከመሐል እስከ ጠርዝ 34 ሜትር ስለሆነ ከፍታው 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ተጫዋቹ አያስተውለውም፣ ውኃው ግን ይከተለዋል። ፍጹም ጠፍጣፋ ሜዳ ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ለዚህ ከተማ ግን የሚመች አይደለም።

ከተዳፋቱ ቀጥሎ አሸዋው ይመጣል። በትልልቅ ስታዲየሞች እንደሚደረገው መላውን ሜዳ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ እናልብሰው ካልን 2,142 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 134 ምልልስ ያህል ነው። ይህን ለእያንዳንዱ የሠፈር ሜዳ ማድረግ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በምትኩ በየአንድ ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ሰርጥ ሜዳውን አቋርጦ ተቆፍሮ በአሸዋ ቢሞላና ጠርዝ ላይ ካለ የጠጠርና የቱቦ ቦይ ጋር ቢገናኝ፣ የሚፈልገው አሸዋ 107 ሜትር ኩብ ግድም ነው፤ የፊተኛው ሃያኛ እጅ። ዋልካው ሲያብጥ ሰርጡን ይዘጋዋል፣ በበጋ ደግሞ እየተሰነጠቀ አሸዋውን ያሰምጠዋል የሚል ተቃውሞ ከአፈር ባለሙያዎች ይነሣል። እውነት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም ሜዳው ላይ ስስ አሸዋ መበተንና የወረደውን መሙላት የዕቅዱ አካል መሆን አለበት። ይህን ዓመታዊ ሥራ በጀት ውስጥ የማያስገባ ዕቅድ ሰርጡን ባይጀምረው ይሻላል፤ ተዳፋቱንና የራስጌውን ቦይ ብቻ በደንብ ይሥራ፣ እነርሱ ብቻቸውን ብዙ ይረዳሉ።

የሣሩ ምርጫ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፣ ብዙም አልቆይበትም። ሰርዶ በሞቃት አገሮች ለስታዲየም በብዛት የሚለማ ሣር ነው፤ እየተሳበ የተገለጠውን ይሸፍናል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እድገቱ ሲዘገይ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሣር ይበረታል። ሁለቱም ሥራቸው አየር ካጣ ይዳከማሉ።

አሁን ወደ ሰው ሠራሽ ሣር እንምጣ፤ ደጋፊዎቹ ከባድ ማስረጃ አላቸው። ፊፋ ለኅብረተሰብ ሜዳዎች ባስቀመጠው ደረጃ እንዲህ ያለው ሣር በሳምንት ከ40 እስከ 60 ሰዓት መጫወቻ ይችላል፤ የተፈጥሮ ሣር ይህን በፍጹም አይችልም። በተጨናነቀ ሠፈር፣ ሌላ ቦታ በሌለበት፣ ለአምስት ለአምስት ለሚጫወቱባት ትንሽ ሜዳ እኔም ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ። የማልቀበለው ሰው ሠራሽ ሣር የውኃውን ጉዳይ ይፈታዋል የሚለውን ነው። ምንጣፉ ውኃ ያሳልፋል እንጂ አይውጥም፤ ያሳለፈው ውኃ ከሥሩ መውጫ ይፈልጋል። ከሥሩ ያለው ዋልካ ካልተቆረጠና በገረጋንቲ ካልተተካ በየክረምቱ እያበጠ በየበጋው እየተጨማደደ ምንጣፉን ያጎረብጠዋል። እንግዲህ ለሰው ሠራሹም ቢሆን መጀመሪያ የምናወጣው ገንዘብ ለዚያው ለውኃና ለአፈር ሥራ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ምንጣፉ ስምንት፣ አሥር ዓመት ቆይቶ በውጭ ምንዛሪ መተካት አለበት፤ ያረጀውን የምንጥልበት ሥርዓትም ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በምንጣፉ ውስጥ የሚበተነውን የጎማና የፕላስቲክ ፍርፋሪ ሽያጭ እ.ኤ.አ. ከ2031 ጀምሮ እንዲቆም በ2023 ወስኗል። ወጪው ትልቅ ሲሆን ደግሞ ሜዳው ይቆለፋል፣ በሰዓት ይከራያል፤ መክፈል የማይችለው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። ለሕዝብ ሜዳ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የሜዳው ጥራት አያካክሰውም።

ከዚህ የሚጠነክር ሌላ ተቃውሞ አለ። «ሜዳዎቹ እየተወሰዱ ስለ ቦይና ስለ አሸዋ ማውራት ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ መሬቱ ይጠበቅ» የሚል ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው ከተማ ዛሬ ከዚያ በእጅጉ በልጧል፣ ለእያንዳንዱ ባዶ መሬት ብዙ ፈላጊ አለ። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶው መሬት አረንጓዴ እንዲሆን ማለቱ መልካም ነው፤ ካርታ ላይ አረንጓዴ መቀባት ግን ብቻውን ሜዳ አያስጥልም። የመሬት ጥበቃውን አስፈላጊነት አልክድም፤ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው መታየታቸውን ግን እቃወማለሁ። በዓመት ሦስት ወር ውኃ ተኝቶበት ሰው የማይረግጠው መሬት ጦም ያደረ ይመስላል፤ ለሌላ ጥቅም ይዋል ሲባል የሚሟገትለት አይገኝም። ዓመቱን ሙሉ ታዳጊዎች፣ የሴቶች ቡድኖች፣ ማለዳ የሚሮጡ አዛውንቶች የሚመላለሱበት ሜዳ ግን ባለቤት አለው። ይዞታን ከሚያጸኑ ነገሮች መካከል አንዱ አገልግሎት ነው፣ የሜዳን አገልግሎት በነሐሴ የሚያቋርጠው ደግሞ ውኃ ነው።

ይህ ሥራ የማይታይ መሆኑ በሙያው ውስጥ ላለን ሰዎች ፈተና ነው። አጥርና መብራት ይመረቃሉ፤ ተቀብሮ የሚቀር ቱቦ አይመረቅም፣ ለሪፖርት ፎቶም አይመችም። እኔን ግን በዚህ ሙያ ያቆየኝ ይኸው የማይታየው ክፍል ነው። ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. ከ2021 በኋላ የሜዳ ጨዋታዎቹን በሰው አገር ሲያደርግ ጭንቀታችን ሁሉ ወደ ትልልቆቹ ስታዲየሞች ሄደ፤ አይፈረድም፣ ያሳፍራልና። ለቡድኑ የሚሰለፈው ልጅ ኳስ መቆጣጠር የሚማረው ግን በሠፈሩ ሜዳ ነው፣ በክረምት ዕረፍቱ ነው። ኳስ ጭቃ ውስጥ እየቀረች ቅብብል አይለመድም። ሙያዬን የምወደው የዚያን ልጅ ሁለት ወር ሊመልስለት ስለሚችል ነው፤ ልጁ ከእግሩ ሥር ምን እንደተቀበረ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ስለዚህ ከንድፉ እኩል የምከራከርለት የሥራው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ የሜዳ ቁፋሮ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጣደፋል፤ አፈሩ በሚርስበት፣ ማሽን ሊገባበት በማይገባው ጊዜ ማለት ነው። የአፈር ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት እንዲያልቅ ጨረታው መስከረም ላይ መውጣት አለበት። ሣሩ በበልግ ይተከል፣ ጊዜያዊ ርክክቡ ከሰኔ በፊት ይደረግ። የመጨረሻው ርክክብ ግን በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናብ ባባራ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ መሐንዲሱ፣ ተቋራጩና የሠፈሩ ቡድን ተወካዮች በተገኙበት ሜዳው ላይ እየተራመዱ ይፈጸም፤ ውኃ ተኝቶ የተገኘበት ቦታ እስኪስተካከልም የመያዣው ገንዘብ አይለቀቅ።