የአንድ ግስ ዕዳ

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ በዓመት አንድ ቀን ልብ ወለዱንም ግጥሙንም ወደ ጎን አደርግና የውጫሌን ውል ይዤ ክፍል እገባ ነበር። ተማሪዎቼ የታሪክ ክፍለ ጊዜ የገቡ መስሏቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ዝም ብዬ የአሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ ነገር ሰሌዳው ላይ እጽፍና በቀይ ጠመኔ አንዲት ግስ እከባለሁ። "ይቻላቸዋል"። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ ይቻላቸዋል፤ ካልፈለጉም ይተዉታል ማለት ነው። በጣልያንኛው ቅጂ ግን በዚያች ግስ ቦታ የተቀመጠው "ተስማምተዋል" የሚል ነው። "ልጆች፣ ዓድዋ የመጣው ከዚህች ግስ ነው" እል ነበር፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ቋንቋ መማር ምን ይጠቅማል ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

አንድ ዓመት ታዲያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "መምህር፣ ግሱ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጣልያን አይመጣም ነበር?" አለኝ። ክፍሉን የሚያስቅ ነገር ተናግሬ አስቀመጥሁት። ምን እንዳልሁ ዛሬ አላስታውስም፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ መቀመጡን ግን አስታውሳለሁ። የቀለድሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

መልሱ "ይመጣ ነበር" ነው። ጣልያን ምፅዋን የያዘው በ1877 ዓ.ም. ነው፤ ዶጋሊ ላይ አሉላ የመቱት በ1879 ነው። ውሉ የተፈረመው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። ግሷ ጣልያንን አላመጣችም። ግሷ ያደረገችው ሌላ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ቢያሳውቁ፣ ከለንደንና ከበርሊን የመጣላቸው መልስ "ጉዳይዎን በሮም በኩል ያድርጉት" የሚል መንፈስ ያለው ሆነ። ያን ጊዜ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተነበቡ። ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሞ ተጻፈ። በ1883 የአገሪቱን ወሰን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለኃያላኑ ተላከ። በ1885 ውሉ መፍረሱ ተነገራቸው። ዓድዋ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ እኮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተቋቋመው በ1900 ዓ.ም. ነው። የነበረው አንድ ቤተ መንግሥት፣ ጥቂት ጸሐፊ፣ ጥቂት አስተርጓሚና ጽሑፍን ፊደል በፊደል የሚያይ ጠርጣራ ዓይን ነው።

ይህን ዕዳ ለመክፈል ይመስለኛል፣ ከማስተማር ከወጣሁ ወዲህ የአገሮችን የውጭ ፖሊሲ ጽሑፎች እንደ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ ጀምሬአለሁ። ዲፕሎማት አይደለሁም። አንባቢ ነኝ። አንባቢ የሚጠይቀው ደግሞ ያው የታወቀውን ነው፦ ማን ጻፈው? ለማን? ማንስ መለሰለት?

ከሁሉ አስቀድሜ ያነበብሁት የአሜሪካዊውን የጆርጅ ኬናንን ነው። ኬናን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 ሞስኮ ከሚገኘው ኤምባሲ ወደ ዋሽንግተን አንድ ቴሌግራም ይልካል። ምክንያቱ ተራ ነገር ነው፤ ሶቪየቶች የዓለም ባንክንና አይ.ኤም.ኤፍን ለመቀላቀል ለምን እምቢ አሉ ተብሎ ተጠየቀ። ሰውየው ታሞ ተኝቷል፤ ጉንፋን ይዞታል፣ ትኩሳት አለው፣ ጥርሱንም ያመዋል። "ከጠየቃችሁኝማ" ብሎ ነው መሰለኝ፣ ከአምስት ሺህ ቃላት በላይ የሆነ ጽሑፍ በአምስት ክፍል ከፋፍሎ ላከላቸው። (ቴሌግራም በቃል ይከፈልበት በነበረበት ዘመን ይህን ያህል መጻፍ ራሱ ድፍረት ነው።) የሶቪየትን ጠባይ የሚተነትነው ልክ እንደ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ፍርሃቱ ከየት መጣ፣ ጠላት ለምን ያስፈልገዋል እያለ። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሐሳብ አስፍቶ ፎሪን አፌርስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። በስሙ ቦታ "ኤክስ" የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች።

ለእኔ ግን ከጽሑፉ ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ዋልተር ሊፕማን የሚባል የጋዜጣ ዐምደኛ ያንን ጽሑፍ አንሥቶ በተከታታይ ዐምዶቹ አንድ በአንድ በለተው። ይህ ፖሊሲ የጠቡን ቦታና ሰዓት የሚመርጠው ባላጋራው እንዲሆን ይፈቅዳል፤ አሜሪካንም በየዳርቻው ያሉ ደካማ መንግሥታትን ስትደግፍ እንድትኖር ያስገድዳታል አለ። ዐምዶቹ በዚያው በ1947 "ቀዝቃዛው ጦርነት" በሚል ርእስ መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ኬናንስ? በሚቀጥለው ዓመት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለሊፕማን ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ሳይልከው ቀረ። ከዓመታት በኋላ በትዝታ መጽሐፉ፣ በብዙው ነገር ከሊፕማን ጋር እንደሚስማማ፣ እሱ "መግታት" ሲል በጦር ማለቱ እንዳልነበረ ጻፈ። ቃሉን ግን ሌሎች ወስደውት ቬትናም ድረስ ሄደዋል። ሁለቱም፣ ኬናንም ሊፕማንም፣ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመዋል። ሰሚ አላገኙም። እንግዲህ ትችት መኖሩ ብቻውን አገርን ከስሕተት እንደማያድን አሜሪካ ራሷ ምስክር ናት። ስሕተቱ ሲመጣ ግን ማን ምን ብሎ እንደነበር መዝገቡ አለ። አገላብጦ ማንበብ ይቻላል።

ከኃያል ወደ ትንሽ አገር ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1965 ከማሌዥያ ተለይታ ብቻዋን ስትቀር የመጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ራጃራትናም ነበር። ይህ ሰው ለንደን ሳለ አጫጭር ልብ ወለዶች የጻፈ፣ ኋላም ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ነው። (ሙያ ወገናዊነት ይዞኝ እንደሆነ ይቅር በሉኝ።) የትንሿ አገር ፖሊሲ ባጭሩ ሲነገር፣ ትልቅ አገር ትንሹን ሲውጥ ዝም ካልሁ ነገ ተረኛዋ እኔ ነኝ የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ፈተናው ወዳጅ ሲያጠፋ ነው። ቬትናም ካምቦዲያን ስትወር ሲንጋፖር ጮኸች፤ ይህስ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ግሬናዳን ስትወር ግን በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ድርጊቱን ካወገዙት ጋር እጇን አወጣች። ዋና ወዳጇ ላይ! በዐረፍተ ነገር ደረጃ የሚያምር መርሕ ማንም ይጽፋል፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚያጸናው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ፊንላንድ ደግሞ የዝምታ ሊቅ ነበረች። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሩሲያ የምትዋሰን፣ በጦርነት መሬት የተቆረጠባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 ከሶቪየት ጋር የወዳጅነት ውል ፈረመች፤ ከዚያ በኋላ በፓሲኪቪና በኬኮነን ዘመን ጎረቤቱን ሳታስቀይም ራሷን ጠብቃ መኖርን ጥበብ አደረገችው። ሰዎች ይህን ሲያደንቁ ዋጋውን ይረሱታል። ኬኮነን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቆየ፤ ጋዜጠኛውና አሳታሚው ስለ ሞስኮ ሲጽፍ ምላሱን መንከስ ለመደ። እኔ ብሆን ያን ዝምታ እችለው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። የገረመኝ መጨረሻው ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ያ ሁሉ ዓመት የቆየው መሥመር ሊለወጥ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ነገሩ ፓርላማ ቀርቦ ተከራከሩበት፤ ኔቶ እንግባ ያሉት 188፣ አንግባ ያሉት 8 ሆኑ። እነዚያ ስምንቱ ደስ ይሉኛል። ስማቸው አለ፣ ቃላቸውም በቃለ ጉባኤ አለ። ስዊዘርላንዶችማ ከዚህም ብሰዋል፤ ተባበሩት መንግሥታት እንግባ አንግባ የሚለውን ለሕዝብ ድምፅ ሰጥተው በ1986 እምቢ፣ በ2002 እሺ አሉ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. ማስታወቂያ ሚኒስቴር "የውጭ ጉዳይና የአገር ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ" የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ገዝቼ አንብቤዋለሁ፤ ኅዳጉ በእርሳስ የተሞላው ቅጂ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። የደራሲ ስም የለውም፤ ከኬናን "ኤክስ" ጋር የሚመሳሰልበት አንዱ ነገር ይኸው ነው። አጻጻፉ የስብሰባ አዳራሽ ይሸታል፤ አንዱን ሐሳብ ሦስት ጊዜ ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልመስክርለት። ከውጭ ጠላት አይጀምርም፤ ከራሳችን ድህነት ይጀምራል። አደጋችን እኛው ነን፣ የተራበ ሕዝብ ይዞ መፎከር ክብር አይሆንም ይላል። ይህን መንግሥት አሳትሞ ማየት ለእኔ ትውልድ አንባቢ አዲስ ነገር ነበር። ጎረቤቶቻችንንም በየተራ ያነሣል፤ ወደብን ከነሱ ጋር በመግባባት የምንገለገልበት ነገር አድርጎ ያየዋል።

ታዲያ ማን መለሰለት? በእርሳስ የጻፍሁት ትችት ነበረኝ። ወደቡን በሚመለከት "ጎረቤቱ ባይስማማስ?" ብዬ ኅዳጉ ላይ ጽፌአለሁ። ዐምድም ነበረኝ፣ አንባቢም ነበረኝ። ስለ ታክሲ ረዳቶችና ስለ ሠርግ ካርድ ስጽፍ ስለዚያ መጽሐፍ አንድ መሥመር አልጻፍሁም። ማን ከለከለኝ? ማንም። ገና ሳልከለከል ነው የተውሁት። እኔ ያላየሁት ብርቱ ትችት የጻፈ ካለ ይቅር ይበለኝ፤ መጽሐፉ ግን በየቢሮው እንደ መማሪያ እንጂ እንደ ክርክር ሲነበብ አላጋጠመኝም።

ክርክር ያልተደረገበት ፖሊሲ ሲለወጥም ያለ ክርክር ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቀይ ባሕር ጉዳይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት በቴሌቪዥን ቀረበ፤ ያ የመገልገል ጉዳይ አሁን የህልውና ጥያቄ ሆኖ መጣ። ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ባሕር ማሰቧ ነውር አይደለም። እኔን የቸገረኝ ከዚያኛው ገጽ ወደዚህኛው የተሻገርንበትን ገጽ ማጣቴ ነው። የ1995ቱ ሐሳብ የት ላይ እንደ ተሳሳተ፣ ማን እንደ ረታው፣ በምን ማስረጃ እንደ ተረታ የሚነግረኝ ጽሑፍ የለኝም።

ጥቂት ወራት አልቆየም፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ሙሉ ቃሉ በወቅቱ ለሕዝብ አልወጣም። የወጣው ንግግር ነው። የያኔው የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ ኢትዮጵያ ዕውቅና ትሰጠናለች አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የወጣው የእኛ መንግሥት መግለጫ ደግሞ የዕውቅናውን ጉዳይ በጥልቀት ገምግሞ አቋም ስለ መውሰድ የሚያወራ ነበር። ሶማሊያ በዚያው ሳምንት ሰነዱን የሚሽር ሕግ በፕሬዚዳንቷ አስፈረመች። ነገሩ በቱርክ ሽምግልና ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 አንካራ ላይ እስኪረግብ ድረስ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው።

የመግለጫው ዕለት ማታ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። "መምህር፣ ደህና አመሹ? ላያስታውሱኝ ይችላሉ" አለኝ አንድ የጎለመሰ ድምፅ። በድምፁ አላወቅሁትም፤ ቀጥሎ በተናገረው ግን ወዲያው አወቅሁት።

"ግሶቹን አዩልኝ? 'ትሰጣለች' እና 'ገምግሞ አቋም ይወስዳል'።"

"አየሁ" አልሁት። ከዚያ ያንን የድሮ ጥያቄውን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጣልያን ይመጣ እንደነበረም ነገርሁት። ሳቀ። "እሱንማ ያኔም አውቀው ነበር፤ መምህር የሚያውቁ መሆንዎን ነው ለማየት የፈለግሁት" አለኝ።

የሰነዱን ሙሉ ቃል በእጁ ካስገባ በሁለቱም ቋንቋ እንዲልክልኝ ለመንሁት። ቀይ እስክሪብቶ አዘጋጅቻለሁ። እስካሁን አልላከልኝም።